ቅጠሉን ያሳየው ሰው

እስቲ ጠጋ በሉ። ይህ ታሪክ ከማጂ ደጋ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ቨርጂንያ ደርሶ፣ ተመልሶ ማጂ የሚገባ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ተደላድላችሁ ተቀመጡ።

እኔ ረዳት ተመራማሪ ነኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ካንሰር በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅጠል አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በሜታኖል እዘፈዝፋለሁ፣ ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ሕዋስ እመግባለሁ፣ ያየሁትን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሚዛን ነው። ተክል ለመሰብሰብ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ «አንቺ አገሩን ታውቂዋለሽ» ተብዬ የምላከውም ለዚህ ነው። አገሩን ማወቅና ጫካውን ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ይህን የተማርኩት ማጂ ላይ ነው።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ሚዛን ዙሪያ ቡናው ተለቅሞ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ መንደሩ ሁሉ የቀይ እሸት ቡና ሽታ ይሸታል። እኛ ቱም ድረስ በመኪና ሄድን፣ ከቱም ወደ ማጂ ዳገቱን ተያያዝነው። ሚዛን ላይ በወበቁ ሲያልበን የሰነበትን ሰዎች ማጂ ስንደርስ ጋቢ አማረን። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ይወጣና ዛፉን ሁሉ ይውጠዋል፤ ረፋዱ ላይ ሲገለጥ ደግሞ አገሩ እግርህ ሥር እስከ ኦሞ ቆላ ድረስ ይዘረጋል።

የመሩን አንድ የዲዚ ሽማግሌ ነበሩ፤ ንብ አናቢ ናቸው። ቀፎ ለመስቀል የማይወጡበት ዛፍ፣ የማያውቁት ጥሻ የለም። ቀስ እያሉ ከፊቴ ይሄዱ የነበሩት ሰው ድንገት ቆሙና አንድ ቁጥቋጦ አሳዩኝ። ለጋ ቅርንጫፉ ዝገት የመሰለ ፀጉር ለብሷል፤ ፍሬው ጥቃቅን ነው። ቅጠሉን ቆረጥ አድርገው «ቅመሽው» አሉኝ። ቀመስኩት። ምሬቱ እስከ ማታ ከምላሴ አልለቀቀም።

«አልድን ላለ ቁስል፣ ለሚያሳክክ ቆዳ ነው» አሉ። እንዴት እንደሚደቀቅ፣ ከማር ጋር እንዴት እንደሚለወስ አሳዩኝ። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ ስሙን ነገሩኝ።

እኔ ስሙን ሰማሁና «አዎ፣ ዋጊኖስ ነው» አልኩ። ወረቀቴ ላይም ዋጊኖስ ብዬ ጻፍኩ።

ተክል የሚሰበስብ ሰው ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሃል አድርጎ ይጫነውና ያደርቀዋል፤ ከዚያ አጠገቡ አንድ ወረቀት ይለጥፋል። በወረቀቱ ላይ የላቲን ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። ያቺ ወረቀት ትንሽ ብትመስልም የጥናቱ ሁሉ መሠረት እሷ ናት። ስሙ የተሳሳተ ተክል ይዞ ዓሥር ዓመት የደከመ ሰው ዓሥር ዓመቱን ሁሉ ያጣል። እኔም ሁሉንም በጥንቃቄ ሞላሁት። «ሰብሳቢ» በሚለው መስመር ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ነበር።

የዚያን ቀን ምንም አልታየኝም። ነገሩ የገባኝ ወራት ቆይቶ፣ ስለዚያ ዛፍ ቀድሞ የተጻፈውን ሳነብ ነው።

ዋጊኖስ በዓለም የሚታወቀው ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ በሚል ስም ነው። ብሩስ ማን ነው? ከ1769 እስከ 1772 (የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች ናቸው) በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ወደ ሱዳን ወሰን ባለው ቆላ ተቅማጥ ይዞት ሊሞት ሲል የአገሩ ሰዎች የዚህን ተክል የሥር ቅርፊት ዱቄት ሰጡትና ዳነ። የተክሉን ስም ከኛው አፍ ሰምቶ በመጽሐፉ ላይ ጽፎታል። ዱቄቱን የሰጠው ሰው ስም ግን የለም። አውሮፓውያን ዛፉን በታማሚው ስም ጠሩት፤ በሐኪሙ ስም የተጠራ ነገር የለም።

ሁለት መቶ ዓመት እንዝለል። በ1960 አሜሪካኖች ከዓለም ጫካ ሁሉ ተክል እያስለቀሙ ካንሰር ላይ መፈተን ጀመሩ። ተክሉን የሚያሰባስበው የግብርና መሥሪያ ቤታቸው፣ የሚያስፈትነው ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩታቸው ነበር። ሰብሳቢዎቻቸው ኢትዮጵያም መጡ። ከኢትዮጵያ ከወሰዱት ውስጥ አንዱ ዋጊኖስ ነው፤ ሌላው የአጣጥ ዘመድ ነው። አዎ፣ ያ ሁላችሁም የምታውቁት፣ አጥር ላይ የሚበቅለው፣ እየሄዳችሁ ልብሳችሁን የሚይዘው እሾኻም አጣጥ።

ጥሬው የደረሰው ሞሪስ ኩፕቻን ወደተባለ ኬሚስት ቤተ ሙከራ ነው። ኩፕቻን በ1969 ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ነው። በ1972 ከአጣጥ ዘመድ ሜይታንሲን የተባለውን፣ በ1973 ከዋጊኖስ ብሩሲያንቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አውጥቶ ለዓለም አሳወቀ። የአጣጡ ዘመድ በላቲን መጀመሪያ ሜይቴነስ ኦቫቱስ ተብሎ ተመዝግቦ፣ በኋላ ሴራታ ነው ተብሎ ታረመ። ቅድም የነገርኳችሁ ወረቀት ጉዳይ እዚህም አለ።

እኔ ይህን ሳነብ ልቤ የሄደው ኩፕቻን ዘንድ አልነበረም፤ ከሱ ሥር ይሠሩ ወደነበሩት ነው። ምክንያቱም ሥራውን አውቀዋለሁ። አንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ፈጭተህ፣ ዘፍዝፈህ፣ አጥልለህ፣ አትንነህ፣ የቀረውን ጥቁር ሙጫ በፈሳሽ እየለየህ፣ እያንዳንዱን ክፋይ ደግሞ ሕዋስ ላይ እየፈተንክ ትሄዳለህ። ከክፋዮቹ የገደለውን ትይዛለህ፣ ያልገደለውን ታስቀምጣለህ፤ የገደለውን ደግሞ እንደገና ትከፋፍላለህ። ሜይታንሲን ከአንድ ኪሎ ተክል የሚገኘው ከአንድ ሚሊግራም ያነሰ ነበር። ሚዛን ላይ ከምንለቅማት አንዲት የቡና ፍሬ መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ተክሉ ስላነሰ በኋላ ከኬንያ ሺምባ ኮረብታ የሌላ አጣጥ ዘመድ በብዙ ሺህ ኪሎ ተጭኖ ሄደ። ያን ሁሉ ያደረቁ፣ የፈጩ፣ በየሌሊቱ እየተነሡ ብልቃጥ የለወጡ እጆች ነበሩ።

አሁን ደግሞ ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። የተክሉ ጭማቂ የተፈተነባቸው የሰው ካንሰር ሕዋሳት ኬቢ ይባሉ ነበር። በ1955 ሲመዘገቡ ከአንድ ወንድ በሽተኛ አፍ የተወሰዱ ናቸው ተባለ። በ1960ዎቹ ሲመረመሩ ግን የሌላ ሰው ሕዋሳት ሆነው ተገኙ፤ በየቤተ ሙከራው ሳይታወቅ ሾልከው የገቡት የሄንሪየታ ላክስ ሕዋሳት ነበሩ።

ሄንሪየታ ላክስ ማን ናት? ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ቨርጂንያ ውስጥ ክሎቨር በምትባል የትምባሆ አገር ያደገች ገበሬ ናት። በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማሕፀን በር ካንሰር ሞተች፤ 31 ዓመቷ ነበር። ከዕጢዋ የተቆረጠው ሥጋ፣ ለሷ ሳይነገር፣ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይራባል። ቤተሰቧ ነገሩን የሰሙት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ለብዙ ጊዜ መጻሕፍት የሕዋሱን ባለቤት ሄለን ሌን እያሉ በሐሰት ስም ጠሯት።

እንግዲህ አስቡት። የኢትዮጵያ ቁጥቋጦና የቨርጂንያ ገበሬ ሕዋስ አንድ ሳህን ላይ ተገናኙ። ቁጥቋጦውን ያሳየው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ የሕዋሱ እናት ስሟ ተለውጧል። ከዚያ ሳህን ግን መድኃኒት ወጣ።

እኔም ዛሬ የማገላብጠው የሷን ሕዋስ ነው። ጠዋት ገብቼ ጓንት አጠልቃለሁ፣ እጄን በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ከኢንኩቤተሩ አወጣዋለሁ። ቤቱ እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ነው። ምግቡ ሮዝ ውሃ ነው፤ ወደ ቢጫ ከዞረ ሕዋሱ ርቦታል ማለት ነውና እለውጥለታለሁ። ቅዳሜም እሁድም፣ በዓልም ቢሆን ይራባል። የገና ዕለት እናቴ ሚዛን ዶሮ ወጥ አውጥታ ስትጠብቀኝ እኔ እዚያ ነበርኩ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ጠፍጣፋ፣ እርስ በርስ የተያያዘ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ጭማቂውን ጨምሬ በነጋታው ሳየው አንዳንዱ ክብ ሆኖ ተነቅሎ ይንሳፈፋል፤ ሞቷል። ከዚያ ቢጫ ቀለም እጨምራለሁ፤ በሕይወት ያለ ሕዋስ ቢጫውን ወይን ጠጅ ያደርገዋል፣ የሞተ አያደርገውም። ይህን ሦስት ጊዜ እደግማለሁ፣ በሌላ ሳምንት ደግሞ ሦስት ጊዜ። ካልተደገመ አልተገኘም።

ወደ አጣጡ ልመለስ። ሜይታንሲን በሽተኞች ላይ ሲሞከር አልሆነም። ካንሰሩን ሳይጥል ሰውየውን ይጥላል፤ አንጀቱንና ነርቩን ይጎዳል። በ1980ዎቹ ሙከራው ቆመ። ብሩሲያንቲንም ተሞክሮ ዕጢ ሳያሳንስ፣ በሽተኛውን እያስታወከና የደም ግፊቱን እየጣለ ቀረ። እዚህ ላይ ብናበቃ ታሪኩ የውድቀት ታሪክ ነበር።

ነገር ግን በ1977 ጃፓናውያን ሜይታንሲንን የመሰለ ንጥረ ነገር ከረቂቅ ተሕዋስያን አገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ዛፍ መቁረጥ ቀረና እንደ ጠላ በጋን የሚጠመቅ ሆነ። ሌሎች ደግሞ አንድ ብልሃት ፈለጉ። መርዙ ገላውን ሁሉ የሚፈጅ ከሆነ የካንሰሩን ቤት ብቻ በሚያውቅ መልእክተኛ ለምን አንልከውም አሉ። ከጡት ካንሰሮች መካከል ከአምስት አንዱ ገደማ ኸርቱ የሚባል በር በሕዋሱ ፊት ላይ አብዝቶ ይተክላል። ያንን በር የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል አለ። መርዙን በሱ ጀርባ ላይ አሰሩት። መልእክተኛው በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሕዋሱ ይውጠዋል፣ መርዙ ውስጥ ገብቶ ይፈታል፤ ሕዋሱ ለሁለት ሊከፈል ሲል የሚያቆማቸውን ምሰሶዎች ያፈርስበታል። መድኃኒቱ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ተባለ፤ የገበያ ስሙ ካድሲላ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በየካቲት 2013 (በፈረንጆች) ፈቀደው። ተክሉ ከኢትዮጵያ ከወጣ ሃምሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

ኤምታንሲን የሚለውን ስም አስተውሉት። ከሜይታንሲን የመጣ ነው፣ ሜይታንሲን ከሜይቴነስ፤ ሜይቴነስ ደግሞ የቺሊ ማፑቼ ሕዝብ የራሳቸውን ዛፍ ከሚጠሩበት ስም። የማፑቼዎች ስም መድኃኒቱ ላይ ቀርቷል፤ አጣጥ ግን የለበትም።

ተክሉ ወጥቶ የሰዎቹ ስም ሲቀር ማጂ ያየው አሁን ብቻ አይደለም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። የጌሻ ቡና ዘር ከዚህ አገር ጫካ የወጣው በዚያው በ1930ዎቹ ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄደ፣ በ1953 ኮስታሪካ ገብቶ ቲ2722 የሚል ቁጥር ተሰጠው፣ በ2004 ፓናማ ላይ የጨረታ ክብረ ወሰን ሰበረ። ቡናው ቢያንስ የትውልድ ቦታውን ስም ይዞ ሄዷል። ዘሩን የለቀሙት ሰዎች ስም እዚያም የለም።

ማጂ በሄድኩ በዓመቱ፣ ሚዛን እናቴ ዘንድ ሳለሁ፣ እኅቷ መጣች። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ወራት ሆኖታል፤ አያምም ብላ ዝም ብላዋለች። ወሬ ሰምታ ነው የመጣችው። «ልጄ፣ ካንሰር የሚገድል ቅጠል ታጠኚያለሽ አሉ። ከሱ ቆንጥረሽ ስጪኝ» አለችኝ።

ምን ልበላት? እውነት ነው፣ ሕዋሱን ሳህን ላይ ሲገድለው በዓይኔ አይቻለሁ። በረኪናም ሳህን ላይ ይገድለዋል። ሳህንና ሰው አንድ አይደሉም፤ ይህን ለማወቅ ነው እነዚያ ሁሉ ሰዎች በሽተኛ ላይ ሞክረው ያፈሩት። «አክስቴ፣ ቅጠሉን አልሰጥሽም፤ ነይ አብረን እንሂድ» አልኳት። አኮረፈችኝ። ግን ሄድን። ሚዛን አማን ባለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አዩዋት፣ በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ቀድተው መረመሩ፤ ካንሰር ነው ተባለ። ከዚያ ጅማ።

ጅማ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዕጢው ሲመረመር ሆርሞን የሚቀበል ሆኖ ተገኘ፤ በቀን አንዲት ክኒን፣ ታሞክሲፌን ታዘዘላት። ካድሲላ ለሷ አልነበረም፤ ኸርቱ የተባለው በር ዕጢዋ ላይ አልበዛም። ነገር ግን ስሙኝ። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር ባመዛኙ ሆርሞን የማይቀበል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ሃለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያውያንን ዕጢ አንድ በአንድ መርምረው በ2014 ሲያሳውቁ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሆርሞን የሚቀበሉ ሆኑ። ርካሽዋ ክኒን ለብዙዎቻችን ትሠራለች ማለት ነው። ያንን ያወቅነው በማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው ሕዋስ የቆጠሩ ሰዎች ስላሉ ነው። አክስቴ ክኒኗን ዛሬም ትወስዳለች። እናንተም እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ እብጠት ካያችሁ ባያምም አትቆዩ። ዋጊኖስን ቀቅላችሁ አትጠጡ። ሴት ልጅ ያላችሁም የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ትምህርት ቤት ሲመጣ አትደብቋት፤ ሄንሪየታ ላክስን የገደላት በሽታ መከላከያ ነው፤ አገራችን ከ2018 (በፈረንጆች) ጀምሮ በነፃ ትሰጠዋለች።

አክስቴን ይዤ ጅማ ስመላለስ ነው ሽማግሌው ትዝ ያሉኝ። አገራችን አዋጅ አላት፤ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር) ይባላል። የአንድ ማኅበረሰብ የተክል ዕውቀት የማኅበረሰቡ ነው፣ የሚወስደው ሰው ሊያስፈቅድ ይገባል፣ ጥቅም ከተገኘም ሊካፈል ይገባል ይላል። ቡድናችን የቅርንጫፉን ፈቃድ ይዞ ነበር። እኔ ግን ሽማግሌው የነገሩኝን ስም እንኳ አልጻፍኩም ነበር። ብሩስ ቢያንስ የሰማውን ስም ጽፏል።

በቀጣዩ ታኅሣሥ ተመልሼ ማጂ ወጣሁ። ሽማግሌው ቀፎ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ማር በእንጀራ አቀረቡልኝ። በላሁና «አባባ፣ ያን ጊዜ ስሙን ነግረውኝ ሳልጽፈው ቀርቻለሁ፤ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ። በፊደል ጻፍኩት፣ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ጊዜ አረሙኝ። ከዚያ «ስምዎን ልጽፍ ይፈቅዱልኛል? ያሳየው ሰው እገሌ ነው ብዬ» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። «እኔን ያሳየችኝ እናቴ ናት» አሉ። «ልጅ ሆኜ ራሴን ቁስል ሲበላኝ ከዚያ ጥሻ ቆርጣ አምጥታ ቀባችኝ። ከጻፍሽ እሷን ጻፊ።»

የሳቸውንም የእናታቸውንም ስም ጻፍኩ። ሰው ሁሉ በሚያነበው ወረቀት ላይ ለማውጣት ፈቃድ ስላልጠየቅኳቸው እዚህ አላነሣውም። በደረቀው ቅርንጫፍ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን ከላቲኑ ስም በታች የዲዚው ስም አለ፤ «ሰብሳቢ» ከሚለው መስመር በላይም «ያሳየው ሰው» የሚል መስመር ገብቷል። በዚያ መስመር ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የእናትየዋ ስም ነው።